«የለም» ብዬ የመለስኩት ጥያቄ

ስልኬ ውስጥ እስካሁን ያላጠፋሁት አንድ ጥያቄና አንድ መልስ አለ። ጠያቂው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ብዙዎቻችን ኤአይ የምንለው። መላሿ እኔ ነኝ። መልሴ አንዲት ቃል ናት። አንባቢዎቼ፣ ያቺ ቃል በአንድ ሰው ላይ ያደረሰችውን ሳልደብቅ ላጫውታችሁ፤ ስጨርስ እናንተው ፍረዱ።

የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ጨርሼ በሰኔ መግቢያ ለዕረፍት ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ስመለስ፣ ክፍል ውስጥ እጇን ከሁሉ ቀድማ የምታወጣ፣ መምህር «ጎበዝ» ካላት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት የምትውል ልጅ ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ በተሰጠ አጭር ሥልጠና በኤአይ መረጃ መተንተን ተምሬ የምስክር ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። እናቴ ወረቀቱን ለጎረቤት ሁሉ አሳየችው። ወሬው ሁለት ቀን ሳይሞላው አጎቴ ጋ ደረሰ።

አጎቴ አያ ደሴ ገበሬ ናቸው። ዓመት ሆኗቸዋል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው ከተመረጡ። ማኅበሩ ለአባላቱ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ስኳርና ዘይት ያከፋፍላል። አምስት ቅጥር ሠራተኞች አሉት፤ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ የመጋዘን ኃላፊ፣ አንዲት ሻጭና ሁለት ጥበቃዎች።

«ጥሩዬ» አሉኝ ሰኞ ጠዋት ቤታችን መጥተው። «ለሠራተኞቻችን ደመወዝ ልንጨምር አስበን ነበር፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ግን መጀመሪያ ንጽጽር አምጡ አለን። የኛ ሰው የሚከፈለው ሌላ ቦታ ከሚከፈለው ጋር ይመዛዘን፤ ማን ምን ያህል እንደሚሠራም ይታይ ነው የሚሉት። ረቡዕ የኮሚቴ ስብሰባ አለን። ያ በስልክሽ ያለው ሊቅ ይህን ይችላል?»

«በደንብ ይችላል!» አልኩ፤ ንግግራቸውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ።

«እንዲህ ነው እንጂ! ወይፈን ሸጠን ያስተማርንሽ ለዚሁ አይደል» አሉና ሳቁ። የሸጡት ወይፈን አልነበረም፤ እኔ ግን ክንፍ አውጥቼ በረርኩ።

በዚያው ጠዋት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ፈንታ ይባላል፤ በሥራ ቀን ጸሐፊ፣ በበዓል ቀን ዲያቆን ነው። ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ የሚፈርምበትን መዝገብ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝና ገጽ በገጽ በስልኬ ሳነሣው አጠገቤ ቆሞ ያየኛል።

«ይህ ሊቅሽ የማን ደቀ መዝሙር ነው? ቅኔስ ዘርፏል?»

«የቁጥር ሊቅ ነው ፈንታ።»

«እንግዲያው የኔን ገጽ ስታነሺ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ። ጭማሪዬ ያለው እሱ ውስጥ ነው።»

ከፈንታ ቢሮ ወጥቼ መጋዘን ገባሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ አያ ሰይድ ናቸው፤ በከተማችን ካሉት ጥቂት ሙስሊም ቤተሰቦች የአንዱ አባወራ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ዘለቅ ብሏል። ከማዳበሪያ ኩንታሎቹ መካከል ብቅ አሉና ባዶ የዘይት ካርቶን ገልብጠው አስቀመጡኝ።

«አያ ሰይድ፣ ደመወዝዎን ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቂ ልጄ። ደመወዝ ምስጢር የሚሆነው ሲበዛ ነው።»

ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። ስንት ዓመት እንደሠሩ ጠየቅኋቸው፤ ጻፍኩ። ልነሣ ስል ቀና ብለው አዩኝ።

«ሌላ የምትጠይቂኝ የለም?»

«የለም አያ ሰይድ። ሌላው መዝገቡ ላይ አለ።»

«እህ» አሉ። ከዚያ «መዝገብ ደግ ነው» ብለው ወደ ኩንታሎቻቸው ተመለሱ።

ያን «እህ» አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ያኔ ግን ቸኩዬ ነበር።

የኤአዩ ሥራ እንዳሰብኩት አልሄደም። አርብ ገበያ ኔትወርክ የሚገኘው በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ካለው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ነው፤ ያም አንዳንዴ ነው። መጀመሪያ የሰጠኝ ንጽጽር የትላልቅ ከተሞችን ደመወዝ የያዘ ነበር። የኛ ጥበቃ ከባንክ ጥበቃ ጋር ተወዳድሯል። «ይህ ለኛ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩለት። ይቅርታ ጠይቆ፣ ስለ አካባቢያችን አስተማማኝ መረጃ እንደሌለው ነገረኝና ራሴ እንዳመጣ ጠየቀኝ። ማክሰኞን ሙሉ ስልክ ስደውል ዋልኩ። ንፋስ መውጫ ያለች የዶርም ጓደኛዬ አባቷን ጠየቀችልኝ፤ መካነ ኢየሱስ ያለ የክፍል ጓደኛዬ አክስቱን። ተመሳሳይ ማኅበራት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የነገሩኝን አስገባሁ፣ የመዝገቡን ፎቶዎች ጨመርኩ፣ «ተንትን» አልኩት።

ከመተንተኑ በፊት ጥያቄ አመጣ። ቃል በቃል ይኸውና፦

«ከመዝገቡ ውጭ፣ በቃል ስምምነት ብቻ የሚሠራ ሥራ ወይም የሚሠራበት ቀን አለ? ካለ ውጤቱን ሊቀይረው ይችላል።»

የስልኬ ባትሪ ቀይ መብራት አሳይቷል። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ወደ መጋዘን ተመልሼ ለመጠየቅ የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ነበር። ግን ባትሪውና ኔትወርኩ ብቻ አይደሉም፤ እውነቱን ከነገርኳችሁ፣ መረጃ ሳታሟላ መጣች መባልን ፈራሁ፤ በስልክ እንኳ፣ በማሽን ፊት እንኳ።

«የለም» ብዬ ላክሁ።

ውጤቱ ያምር ነበር። ሠንጠረዡ በቀለም የተለየ፣ ምክረ ሐሳቡ በአጭር በአጭሩ የተጻፈ። የአራቱ ሠራተኞች ደመወዝ ከንፋስ መውጫና ከመካነ ኢየሱስ ዝቅ ስለሚል ጭማሪ ይገባቸዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ ግን ከሁለቱም ከተሞች አቻዎቻቸው ከፍ ያለ ይከፈላቸዋል፤ በዚያ ላይ በየሳምንቱ አርብ ከቀትር በኋላ ፊርማ የላቸውም፤ አርብ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ስለዚህ የእሳቸው ጭማሪ ይቆይ፣ ያልሠሩበት ሰዓትም ከደመወዛቸው ይታሰብ ይላል።

አያ ሰይድ አርብ አርብ ለጁምዓ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግን «እኔ ምን ላድርግ፣ ማስረጃው ያለው ይህን ነው» ብዬ ራሴን አጽናናሁና አንድ ማተሚያ ያለበት ሱቅ ሄጄ አሳተምኩት።

ረቡዕ ሰኔ ዐሥራ አንድ ነበር፤ የቅዱስ ሚካኤል ዋዜማ። ፈንታ ለዋዜማው ቤተ ክርስቲያን ስለሄደ ስብሰባው ላይ አልነበረም። ኮሚቴዎቹ አምስት ገበሬዎች ናቸው። ቆሜ አነበብኩላቸው። ድምፄ ራሱ ደስ አለኝ።

«ይህን ሁሉ በሁለት ቀን?» አሉ ከኮሚቴው በዕድሜ የሚበልጡት አባ ጥላሁን።

«ትንተናውስ በሁለት ደቂቃ ነው አባ።»

«አቤት የዘመኑ ነገር!»

አጎቴ ወረቀቱን አገላበጡት። «ሰይድ ግን…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ሰይድ ግን ምን?» አሉ አባ ጥላሁን።

«አይ፣ ማሽኑ አስቦታል እንጂ። እኛ ያየነውን እሱ ያጣዋል?»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ተፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት፤ ከሰዓት በኋላ ወደ በላይ መሥሪያ ቤቱ ተላከ። ከዚያ አያ ሰይድን አስጠሯቸው። ልወጣ ስል አጎቴ «ቆዪ፣ አንቺው አስረጂው» አሉኝ። ያን ገጽ ደግሜ አነበብኩ፤ በዚህኛው ድምፄ ደስ አላለኝም።

አያ ሰይድ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መዝገቡ ነው ያለው?»

«አዎ አያ ሰይድ፣ የፊርማው መዝገብ ነው…»

«ሊቀ መንበር፣ አንተም በዚህ ትስማማለህ?»

አጎቴ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ «ጥናት ነው እንግዲህ ሰይድ፤ እኛስ ምን እናውቃለን» አሉ።

«መልካም። መዝገቡ ያለው ይሁን። እንግዲህ እኔም በመዝገቡ አድራለሁ።»

አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። እዚያ ቤት ውስጥ ያልገባው ለእኔ ብቻ ይመስለኛል።

በማግስቱ ሰኔ ሚካኤል ነው። ከእናቴ ጋር ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ በማኅበሩ በኩል ስንመለስ መጋዘኑ በር ላይ ሰው ከአህያው ጋር ተጨናንቆ ቆሟል። አገራችንን ለማታውቁ፦ በበዓል አይታረስም። የማይታረስበት ቀን ደግሞ ለገበሬው የጉዳይ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ከዚያ ማዳበሪያውን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱን ይዞ ይገባል፤ በማግስቱ ይዘራል። የመጋዘኑ በር ግን ተቆልፏል።

«ሰይድ በሚካኤል ዘግቶ አያውቅም!» ትላለች አንዲት ሴትዮ፣ አህያዋን በገመድ እየጎተተች። «ታሟል እንዴ?»

«ሰይድ ከሚዘጋስ ቤተ ክርስቲያኑ ቢዘጋ ይቀላል» አለ ሌላው፤ ሰው ሳቀ። እኔ ግን የሴትዮዋን ቃል ያዝኩ። በሚካኤል ዘግቶ አያውቅም?

ፈንታ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ ሲመጣ ሮጬ ያዝኩት።

«ፈንታ፣ አያ ሰይድ በበዓል ቀን ይሠራሉ እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው? በዓሉን ሁሉ የሚሠራው እሱ አይደል! የቀድሞው ሊቀ መንበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያኔ ተስማምተው ነው። ሰይድ በኛ በዓላት ሁሉ ይከፍታል፤ እኛ ደግሞ አርብ ከቀትር በኋላ ጁምዓውን እንሸፍንለታለን። ደመወዙም ትንሽ ከፍ ያለው ለዚሁ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ግን የለም!»

«መዝገቡማ እኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚውለው። እኔ በበዓል ማኅሌት ላይ ነኝ፤ ማን ያስፈርመዋል?» አለና ፊቴን አየ። «ጥሩዬ… ሳታስገቢው ቀረሽ እንዴ?»

እናቴን እዚያው ትቼ ወደ አያ ሰይድ ቤት ሮጥኩ።

በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የተሰበረ የበር ማጠፊያ ይጠግናሉ። ሲያዩኝ ቀና አሉ፤ ሰላም አሉኝ፤ ተቀመጪ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«አያ ሰይድ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ ልጄ። ሌላ የምትጠይቂኝ የለም ወይ ብዬ።»

«በቀጥታ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ራሱ ሥራዬን ይቁጠርልኝ ብሎ ይለምናል? ደግሞም አጎትሽ ያውቃል፣ ጥላሁን ያውቃል። ባለፈው ማርያም ዕለት ለጥላሁን ማዳበሪያ በትከሻዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።» መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ያስቀየመኝ ገንዘቡ ብቻ አይመስልሽ። በዚያ ሁሉ ቀን አልነበረም መባሌ ነው።»

ዕንባዬ መጣ። «በሩ ላይ ብዙ ሰው ቆሟል። ነገ የሚዘራ አለ። እባክዎ ይክፈቱላቸው።»

«እኔም አዝንላቸዋለሁ፤ ወላሂ። ግን ዛሬ ያለ መዝገብ ብከፍት፣ ነገ መዝገቡ ዳግመኛ አልነበረም ይላል። መዝገቡ ይምጣ፤ ስገባ ልፈርም። ያኔ እከፍታለሁ።»

ተመልሼ ለፈንታ ነገርኩት። ራሱን ያዘ። «በሚካኤል ዕለት፣ ምእመኑ ሁሉ እያየ፣ ቀድሼ በወጣሁበት እጄ የሥራ መዝገብ ልክፈት? አባቶች ምን ይሉኛል?» አለ። ቁልፉን ግን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

መዝገቡን ከመሳቢያው አውጥቼ መጋዘኑ በር ላይ፣ ደፉ ላይ ዘረጋሁት። እናቴ «ጥሩወርቅ! በበዓል?» አለች፤ በሙሉ ስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው። «ሰኔ 12» ብዬ ጻፍኩ፣ ስማቸውን ጻፍኩ፣ የገቡበትን ሰዓት ጻፍኩ። አያ ሰይድ ሰው ልኬባቸው መጥተው ፈረሙ። ከዚያ በሩን ከፈቱ።

«በሉ፣ ሰልፍ!» አሉ፣ እንደ ወትሯቸው። «አህያ የያዘ በቀኝ፣ ወሬ የያዘ በግራ!»

እስከ ማምሻው ከጎናቸው ሆኜ ስም ስጠራ ዋልኩ። ሰው ጋብ ባለ ቁጥር የሠሩባቸውን በዓላት ይነግሩኛል፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። «ዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ በየወሩ። ከዚያ ጥምቀት፣ አስተርእዮ ማርያም…»

«ከኔ የበለጠ ያውቁታል!»

«ምን ላድርግ፣ የሥራ ቀኔ ነው።»

አርብ ማለዳ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እንደገና አስገባሁ። ኤአዩ ሠንጠረዡን ገልብጦ አመጣው። ከአምስቱ ሠራተኞች ብዙ ቀን የሠሩት አያ ሰይድ ናቸው፤ ደመወዛቸው በቀን ሲካፈል ከአቻዎቻቸው ያንሳል። ወረቀቱን ይዤ ገበያው መካከል አጎቴን አገኘኋቸው። አባ ጥላሁንም አብረዋቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ይህንማ ሁላችንም እናውቀዋለን» አሉ አጎቴ አንብቤላቸው ስጨርስ።

«ታዲያ ረቡዕ ለምን ዝም አላችሁ?»

«አንቺ በዚያ ድምፅ ስታነቢው ማሽኑ አስልቶታል ብለን ነዋ!»

«ማሽኑ የሚያውቀው የነገርኩትን ብቻ ነው አያ ደሴ! አሁን ይታረም፤ አዲሱ ይኸውና።»

አጎቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ማኅተም ያረፈበት ሄዷል። ሁለተኛ ወረቀት ብንልክ የመጀመሪያው ምን ነበር ይሉናል፤ የሁሉም ጭማሪ ይቆማል። ለዓመታዊ ጉባኤው እናቆየው።»

«ያን ያህል ጊዜ አርብ አርብ ሊቆረጥባቸው ነው?»

«እኛም እኮ አዝነናል» አሉ አባ ጥላሁን።

ተከራከርኩ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላላቆቼን በገበያ መካከል ተቆጣሁ። አንድም ነገር አልተለወጠም። ለማጥፋት ሁለት ደቂቃ የበቃው ነገር ለማረም ዓመት ይፈልጋል። ይህ እስከ አሁን ያበሳጨኛል፤ ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤም ጽፌያለሁ፣ መልስ አልመጣም።

ለአንባቢዎቼ የምናዘዘው ይህን ነው። ማሽኑ አላታለለኝም። እንዲያውም ከእኔና ከአምስት ኮሚቴዎች መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ ሰውን ለማስደሰት ስሮጥ፣ ካርቶን ላይ አስቀምጦ ያስተናገደኝን ሰው ሳልጠይቅ መለስኩ። ኮሚቴዎቹ ደግሞ የሚያውቁትን ይዘው ዝም አሉ። ከእኛ ማን ይብሳል? እኔ መወሰን አቅቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ ተቀይሯል። ፈንታ እንደነገረኝ መዝገቡ አሁን በበዓል ዋዜማ መጋዘን ይገባል፤ አያ ሰይድ ጠዋት ራሳቸው ይፈርማሉ። የአርቡ ግን እስከ ዛሬ ይቆረጥባቸዋል። ባለፈው ስደውልላቸው «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ብለው ቀድመው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው።

በቀደም አጎቴ ግቢ ድረስ ደወሉልኝ። ስማዳ ያለ አንድ ማኅበር የኛን ጥናት ወሬ ሰምቶ ለሱም እንዲሠራለት ይፈልጋል። «መዝገባቸውን በስልክ አንሥተው ይልኩልሻል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብሽም» አሉኝ።

«አይላኩልኝ» አልኳቸው። «በሚቀጥለው ዕረፍቴ ራሴ እሄዳለሁ። መቼ ልሂድ እንደሆን ብቻ ይጠይቁልኝ፤ ቢሮው የሚዘጋበት በዓል መቼ ነው? ያን ቀን ማን እንደሚሠራ ላይ ነው።»